የደረስጌ ዘመን የታተሙ ሰነዶችና የመዝገበ ቃላት ሥራ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ ሊማሊሞ የሚዘልቀው መንገድ፣ ጎንደርን ከትግሬና ከምጥዋ ወደብ ጋር ሲያገናኝ የኖረ ጥንታዊ መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነበር። በዚሁ አካባቢ፣ በስሜን አገር፣ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ውቤን ድል አደረጉ። ከሁለት ቀን በኋላም ውቤ ራሳቸው ከግብፅ ባስመጧቸው በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

የዚህን ዘመን ታሪክና የውጭ ግንኙነት ለማጥናት የሚያገለግሉ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጮች ዛሬ በብዛት ታትመው ይገኛሉ። ይሁንና የታሪክ ተመራማሪው እንደሚጠቀምባቸው ሁሉ መዝገበ ቃላት አዘጋጁና ተርጓሚው እየተጠቀሙባቸው ነው ለማለት አንደፍርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህ ሰነዶች ለቃላት ጥናት እንዴት ሊነበቡ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

ምንጮቹን በሦስት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን። የመጀመሪያዎቹ ዜና መዋዕሎች ናቸው። የደብተራ ዘነብ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1902 በኤኖ ሊትማን፣ የአለቃ ወልደ ማርያም በ1904 በሞንዶን ቪዳዬ አሰናኝነት ታተሙ። ሁለቱም የተጻፉት እንደ ቀድሞዎቹ ዜና መዋዕሎች በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ በመሆኑ ለቋንቋችን ታሪክ ልዩ ዋጋ አላቸው። ሁለተኛዎቹ የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1868 ለምክር ቤቱ አቅርቦ በእንግሊዝኛ ያሳተማቸው የመልእክት ልውውጦች ናቸው። ሦስተኛዎቹ የአገራችን ሰዎች ደብዳቤዎች በዋናው ጽሑፍ የወጡባቸው መጻሕፍት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ግርማ ሥላሴ አስፋው፣ አፕልያርድና ኡለንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የቴዎድሮስ ደብዳቤዎች ስብስብና ስቬን ሩበንሰን ከ1987 ጀምሮ ያሰናዳው «አክታ ኤቲዮፒካ» ዋናዎቹ ናቸው። በሩበንሰን ስብስብ የመጀመሪያው ቅጽ ከ1800 እስከ 1854 የተጻፉት፣ በሁለተኛው ደግሞ የቴዎድሮስ ዘመን ደብዳቤዎች ከነእንግሊዝኛ ትርጕማቸው ይገኛሉ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ወገን መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት፣ መልስ በማጣቱም እስከ መቅደላ ጦርነት ያደረሰው ደብዳቤ፣ በዘመኑ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ነበር። በዚያ ትርጕም ውስጥ ሟቹ ጆን ቤል «የእልፍኝ ታላቅ ሹም» የሚል ትርጕም ባለው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ማዕርግ ተጠርቷል። ቤል በአገራችን የነበረው ማዕርግ ግን ሊቀ መኳስ ነው። ሊቀ መኳስ ማለት በጦርነት ጊዜ እንደ ንጉሡ ለብሶና አጊጦ የጠላትን ዓይን ከንጉሡ ወደ ራሱ የሚስብ ባለሟል ነው። ቤልም እ.ኤ.አ. በ1860 ከጋረድ ክንፉ ጋር በተደረገው ውጊያ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ወድቋል።

የእንግሊዝኛውን ብቻ ይዞ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «እልፍኝ አስከልካይ» ብሎ ቢጽፍ ማንም አይፈርድበትም፤ በእጁ ላለው ቃል ትክክለኛው አቻ ነውና። ነገር ግን እልፍኝ አስከልካይ ሌላ ሹመት ነው፤ ቤልም ያልተሾመበትን ማዕርግ ይይዛል። ስለ ንጉሡ ሞትን ሊቀበል የቆመ ሰው የእልፍኝ በር ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ስሕተቱ በመዝገበ ቃላት ውስጥ በጥቅስ ተደግፎ ከገባ ደግሞ ለመንቀል አስቸጋሪ ይሆናል።

ቦታና ዘመን የቃልን ፍቺ እንደሚለውጡ የስሜን ስም ራሱ ይመሰክራል። ዛሬ ሰሜን ስንል የምናመለክተውን አቅጣጫ ሁሉም ያውቀዋል። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ግን ቃሉ በጥንታዊው ግዕዝ ደቡብን ያመለክት ነበር። መንግሥቱ አክሱም ሳለ የስሜን ተራሮች በደቡብ በኩል ይታዩ ነበርና። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደቡብ እየራቀ ሲሄድ ተራሮቹ በሰሜን በኩል ቀሩ፤ የቃሉም ፍቺ አብሮ ዞረ። ይህን ያላስተዋለ ተርጓሚ የጥንቱን ጽሑፍ በዛሬው ፍቺ ሲተረጕም ሠራዊቱን ወደማይሄድበት ይመራዋል።

በውጭ ግንኙነት ረገድ የአንድ ቃል ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ውዝግቡም ወደ ዓድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ያን ጊዜ አማርኛውን ይዞ የተከራከረ መንግሥት ነበረን። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ግን ለቃሉ የሚከራከርለት አዘጋጁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዋናው የአማርኛ ጽሑፍ የታተመለት ሰነድ ሁሉ ከትርጕሙ ሳይሆን ከዋናው ይጠቀስ። ሁለተኛ፣ በጥቅሱ አጠገብ ሰነዱ የተጻፈበትና የታተመበት ዓመት ተለይተው ይመዝገቡ። በ1979 የታተመ ደብዳቤ የ1862 አማርኛ ምስክር እንጂ የ1979 አይደለምና። ሦስተኛ፣ የጥንቱ ትርጕም አይጣል፤ ነገር ግን የቃሉ ፍቺ ተደርጎ ሳይሆን የባዕድ ተርጓሚ አረዳድ መሆኑ ተገልጾ ለብቻው ይቀመጥ።

ሰነዶቹ ታትመዋል፤ በደረስጌ ዘመን የኖሩ ሰዎች የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ለመስማትም ችለናል። ከእንግዲህ ቃላቸውን ከሌላ ቋንቋ ተበድረን ብንመልስላቸው ጥፋቱ የእኛ ነው።