ከባንዱ ውጭ የተሠሩ ሁለት ካሴቶች፤ የአቶ ኃይሉ መርጊያ የጎን ሥራ ታሪክ

አንድ የሙዚቃ ሰው በታወቀበት ባንድ ውስጥ እያለ፣ ወይም ባንዱ ከተበተነ በኋላ፣ ለብቻው ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ሠርቶ ያወጣ እንደ ሆነ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚቈጥሩት ከዋናው ማዕድ እንደ ተረፈ ፍርፋሪ ነው። ከውጭ አገር የታወቀ ምሳሌ ብንጠቅስ፣ ብለር የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ዘፋኝ ዴመን አልባርን በ2001 ከአሜሪካ የሂፕ ሆፕ ሰዎች ጋር ሆኖ ጎሪላዝ በሚል ስም አልበም አውጥቶ ነበር። ፊቱን በካርቱን ሥዕል ጋርዶ ስለ ቀረበ ነገሩ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ታየ። ዳሩ ግን በአሜሪካ ገበያ ቀልዱ ከቁም ነገሩ በልጦ ተሸጠ።

በአገራችንም ሮክና ሂፕ ሆፕ ባይባልም፣ ጠባዩ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ አለ። ይኸውም የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ ከባንዳቸው ውጭ የሠሯቸው የሁለት ካሴቶች ታሪክ ነው። አንደኛው በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዳው «ወደ ሐረር ጉዞ» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻቸው የሠሩትና «ሸሞንሟናዬ» በሚል ስም የሚታወቀው ነው። የሸክላዎቹና የካሴቶቹ ዘመን ተመዝግቦ የሚገኘው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ እኛም በጽሑፋችን ውስጥ ይህንኑ ተከትለናል።

ጉዳዩን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ስለ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚነገረው ታሪክ፣ ይልቁንም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ዲስኮች ካዘጋጁ ወዲህ፣ «ወርቃማው ዘመን» በሚባለው ላይ ያረፈ ነው። በዚህ አተራረክ የሙዚቃው ብርሃን ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር አብሮ ይጠልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰዓት እላፊ፣ ስደት፣ ካሴትና ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ትረካውም በሐዘን ይዘጋል። ሐዘኑን የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን ሁለቱ ካሴቶች ከሸክላ ዘመን በኋላ የመጣው ጊዜ ባዶ እንዳልነበረ፣ እንዲያውም ሙዚቀኛው ከባንዱ ወጥቶ ሌላ መንገድ እንዲሞክር ያስገደደው ያው የተወቀሰው ጊዜ ራሱ እንደ ነበረ ያሳያሉ ብለን እናምናለን።

አቶ ኃይሉ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልደው በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በ14 ዓመታቸውም ያለ አስተማሪ አኮርዲዮን መጫወት ለመዱ። እዚህ ላይ ለአኮርዲዮን ያለንን አድልዎ መናዘዝ ሳይኖርብን አይቀርም። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በመዝሙር ሰዓት የሚነፋ አንድ አሮጌ አኮርዲዮን ነበረ፤ ወናፉ በፕላስተር የተጠጋገነ ስለ ሆነ ከድምፁ ጋር የራሱን ትንፋሽ ያሰማ ነበር። ወደ ኋላ እንደምንገልጸው ይህ የትንፋሽ ነገር ለጉዳያችን ይጠቅማል።

አኮርዲዮን በየቴአትር ቤቱና በየክበቡ ተፈላጊ የነበረበት ዘመን ካለፈ በኋላ ቦታውን የኤሌክትሪክ ኦርጋን ወሰደ፤ አቶ ኃይሉም የታወቁት በዚሁ በኦርጋን ነው። በ1970ዎቹ ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። በ1977 ያወጡት «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ዘፈን የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻ የሚናገርበት ሥራ ነው፤ አቶ ሙላቱ አስታጥቄም በእንግድነት ቫይብራፎን ተጫውተውበታል። ዘፋኝ በሚነግሥበት አገር ያለ ዘፋኝ ሸክላ ማውጣት ድፍረት ነበር፤ እኛ ግን ስለ እርሱ ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ አንዘገይበትም።

ከዚህ ሸክላ በኋላ የሚጠበቀው ዋልያስ ሌላ ሥራ እንዲያወጣ ነበር። አቶ ኃይሉ ግን የሚቀጥለውን ሙዚቃ የቀዱት ከራሳቸው ባንድ ጋር ሳይሆን፣ በግዮን ሆቴል ክበብ ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሁለቱን ሆቴሎች ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። ሂልተን የሚመጣው ሰው በብዛት የውጭ አገር እንግዳ፣ ዲፕሎማትና ባለሀብት ነበር፤ ስለዚህ ባንዱ እራት ለሚበላ ሰው የሚስማማ፣ ከየአገሩ የተውጣጣ ሙዚቃ መጫወት ግድ ሆኖበት ነበር። በግዮን ክበብ ደግሞ የከተማው ወጣት ይበዛ ስለ ነበር፣ የዳህላክ አጨዋወት ወደ ሶል ሙዚቃና ወደ ጭፈራ ያዘነበለ ነበር። የሂልተኑ ኦርጋን ተጫዋች ወደ ግዮን የወረዱት ሌላ ድምፅ ፍለጋ ነው፤ የተመልካቹ መለወጥ የሙዚቃውን ጠባይ ለመለወጥ በቂ ነበር።

ዘመኑንም መርሳት አይገባም። 1978 የቀይ ሽብር ዘመን ነው። በከተማው የሰዓት እላፊ አዋጅ ስለ ነበረ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት በመንገድ መታየት ክልክል ነበር። ነገር ግን ክልከላው ያልታሰበ ውጤት አመጣ፤ ወደ ክበብ የገባ ሰው ከእኩለ ሌሊት በፊት ካልወጣ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዶቹ ሌሊቱን ሁሉ መጫወት ጀመሩ። ጨፋሪው በፍርሃት የተዘጋበት ቤት፣ ተጫዋቹም ለሰዓታት ሳያቋርጥ መጫወት የሚለምድበት ቤት፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። «ወደ ሐረር ጉዞ» በዚሁ በግዮን ክበብ ውስጥ በሦስት ቀን ተቀዳ። ሸክላ ሳይሆን ካሴት ሆኖ ወጣ። ካሴት የሸክላን ያህል ወጪ አይጠይቅም፤ ለማባዛትም ቀላል ነው። ለባለሙያው ግን ይህ ቅለት ሁለት ስለት ያለው ነበር፤ ሙዚቃው ሩቅ አገር ይደርሳል፣ የሠሪው ስም ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅጂ ላይ ይጠፋል።

ይህን የምንለው በግምት ብቻ አይደለም። ቤታችን ሰበታ ስለ ሆነ፣ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በሦስት ቅዳሜዎች በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ገበያዎች እየዞርን አሮጌ ካሴት ጠይቀን ነበር። በሰበታ ያገኘነው ሻጭ ካሴቶቹን ከብዙ ዓመት በፊት በማዳበሪያ ሞልቶ እንደ ጣላቸው ነገረን። በቡራዩ የተላክንበት ሱቅ አሁን የስልክ መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። በሱሉልታ ግን አንድ አዛውንት ባለሱቅ፣ ስልካችን ላይ የጫንነውን «ወደ ሐረር ጉዞ» ገና ኦርጋኑ ሲገባ ለይተው እስከ መጨረሻው አብረው አፏጩት። ማን እንደ ሠራው ስንጠይቃቸው ግን አያውቁም፤ ዜና ሊነበብ ሲል ከሬዲዮ የሚሰማ ሙዚቃ ነው ብለው መለሱልን። ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ዕጣው ይህ ነው። ዜማው የሁሉ ሲሆን ባለቤቱ የማንም ይሆናል።

በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ተጉዞ በየከተማው ሙዚቃ አሳየ። ጉዞው ሲፈጸም ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ከፊሉ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አቶ ኃይሉን፣ አቶ ግርማ በየነንና አቶ ሞገስ ሀብቴን የመሳሰሉት እዚያው ቀሩ። የቀሩት ዙላ ባንድ በሚል ስም ለስደተኛው ኅብረተሰብ ይጫወቱ ነበር። ከዚህም ጋር አቶ ኃይሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ይማሩ ነበር፤ ለሁለተኛው ካሴት ምክንያት የሆነው ይኸው ነው። በትምህርት ቤቱ የተዋወቁት ሰው አነስተኛ የመቅጃ ስቱዲዮ ስለ ነበረው፣ በ1985 አንድ ነገር ለመሞከር ወደዚያ ሄዱ።

የሞከሩት ነገር ምንድን ነው? በወጣትነታቸው የለመዱትንና የተዉትን አኮርዲዮን መልሰው አነሡ። ለቀደመው ትውልድ የአኮርዲዮንን ጣዕም መመለስ ፈለጉ። ነገር ግን ከአኮርዲዮኑ ጋር የሚጫወት ባንድ አልነበረም፤ ቦታውን የያዙት ሮድስ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር፣ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረው ያማሃ ዲ ኤክስ 7 እና ከበሮ የሚመታው ድራም ማሽን ናቸው። ሁሉንም የሚጫወቱት አንድ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለው አቀዳድ የሚሠራው በድርብርብ ነው፤ አንዱ መሣሪያ ይቀዳል፣ ተጫዋቹም የራሱን ድምፅ እያዳመጠ በላዩ ሌላውን ይጨምራል።

በዚህ ላይ ትንሽ እንቈይ። ሰው የሚመታው ከበሮ ዜማ ተጫዋቹን ይከተላል፤ ዜማው ሲዘገይ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል። ማሽን ግን ማንንም አይከተልም። ስድስት ስምንተኛ የሆነው የችክችካ ምት እንኳ በማሽን ሲመታ እንደ ሰዓት ቈጣሪ ነው። በተቃራኒው አኮርዲዮን በወናፍ የሚተነፍስ መሣሪያ ነው፤ ድምፁ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ይቃትታል። ሁለቱ በአንድ ካሴት ላይ ሲገናኙ አለመግባባታቸው ይሰማል፤ የሥራው ውበትም ያለው በዚሁ ላይ ነው። በተለይ «አምባሰል» እና «ሽለላ» የተባሉትን ያዳመጠ ሰው የምንለውን ይረዳል። ሽለላ የጦር ሜዳ ጩኸት ነው፤ የሚያጅበው የጀግና አጀብ ይፈልጋል። እዚህ ግን አንድ ሰው በስደት ቤት፣ አጀቡን ከማሽን ተበድሮ ይሸልላል። አንዳንድ መምህራን ይህን ካሴት የማሽን ሙዚቃ ነው ብለው ሲያቃልሉት ሰምተናል። በአክብሮት እንቃወማለን፤ ማሽኑ የገባው ከስንፍና ሳይሆን ከባንዱ መበተን ነው።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የሆነውን ማስተያየት ይጠቅማል። በኒው ዮርክ ድሀ ሰፈሮች የበቀለው ሂፕ ሆፕ ያደገው ባንድም መሣሪያም መግዛት ያልቻሉ ወጣቶች በተጫወቱት ሸክላና በድራም ማሽን ነው፤ አፍሪካ ባምባታ በ1982 ያወጣው «ፕላኔት ሮክ» ሮላንድ 808 በተባለው ማሽን የተሠራ ነበር። አቶ ኃይሉ ከእነርሱ ቀዱ አንልም። የምንለው፣ ባንድ ኖሮት የማያውቀው የኒው ዮርክ ወጣትና ባንዱን በስደት ያጣው የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ በአንድ ዓይነት መሣሪያ አጠገብ በአንድ ዘመን እንደ ተቀመጡ ነው። ኋላ ደግሞ ሂፕ ሆፕ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ ሸክላ ዞሮ፣ ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር» በተባለው ሥራቸው የአቶ ሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ቈርጠው ተጠቅመዋል።

የካሴቱ ርእስ በእንግሊዝኛ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ይህ ፈረንጅን ያሳስታል፤ ሞዛርትን የሚጠብቅ ይኖራል። በእኛ አገር ግን ክላሲካል የሚባለው ዘፈን የሌለበት ማንኛውም ሙዚቃ መሆኑን አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ርእሱ የተጻፈው በውጭ ቋንቋ፣ የተነገረው ግን ለአገር ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ። አቶ ኃይሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ትተው፣ ኋላም በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዱ ኖሩ። ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ እያወጡ ይለማመዱ እንደ ነበር ራሳቸው ለጋዜጠኞች ነግረዋል። ዝምታውን የሰበረው ያው የጎን ሥራ ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር ላይ ከሱቅ አገኘ፤ እኛ በሱሉልታ ባዶ እጃችንን የተመለስንበት መንገድ ቀጥ ብሎ የሚያደርሰው እዚያ ነው። ሰብሳቢው ለአቶ ኃይሉ ስልክ ደወለ፤ ካሴቱም በ2013 እንደ ገና ታተመ። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉት። ቅደም ተከተሉን አንባቢ ያስተውል፤ ዋናውን ሸክላ ወደ አደባባይ መልሶ ያወጣው ካሴቱ ነው።

አቶ ኃይሉም ታክሲውን ሳይተዉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ። በዚህኛው ከበሮውን የሚመታው ቶኒ በክ የተባለ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው፤ አቶ ኃይሉ አኮርዲዮኑን ሲያነሡ፣ ወናፉ በሚዘገይበት ቦታ እርሱም አብሮ ይዘገያል።