የደም ሥር እድገትን የሚያግዙ ደም አመንጪ ቀዳሚ ሕዋሳት እና መለያ ምርመራቸው

ምንነታቸው
የደም ሕዋሳት የሚመረቱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ገና ወደ መጨረሻ ቅርጻቸው ያልደረሱት ሕዋሳት ቀዳሚ ሕዋሳት ይባላሉ። ጥቂቶቹ ከመቅኔ ወጥተው በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የኦክስጅን እጥረት ወዳጋጠመው የሰውነት ክፍል በመድረስ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያድጉ ያግዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ታካዩኪ አሳሃራ እና ባልደረቦቹ እነዚህን መሰል ሕዋሳት ከአዋቂ ሰው ደም መለየታቸውን ይፋ አደረጉ። በወቅቱ ሕዋሳቱ ራሳቸው ወደ ደም ሥር ግድግዳነት ይለወጣሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች ግን ብዙዎቹ የደም ወገን መሆናቸውን፣ እገዛቸውም በዋናነት እድገት አነሳሽ ንጥረ ነገሮችን በማመንጨት እንደሆነ አመልክተዋል።

እንዴት ይለያሉ?
ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በመልካቸው ብቻ አይለዩም። የሚለዩት በፍሎ ሳይቶሜትሪ ሲሆን፣ ዘዴው ከኤች አይ ቪ ክትትል ጋር በተያያዘ ለሲዲ 4 ቆጠራ ከሚያገለግለው ጋር ተመሳሳይ ነው። ከክንድ የሚወሰደው ደም አብረቅራቂ ቀለም ከተያያዘባቸው ፀረ እንግዳ አካላት ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያም ሕዋሳቱ በሌዘር ብርሃን ፊት አንድ በአንድ እያለፉ ይቆጠራሉ።

የሚፈለጉት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦
• ሲዲ 34 እና ሲዲ 133፦ ሕዋሱ ቀዳሚ መሆኑን ያመለክታሉ፤
• ሲዲ 45 በዝቅተኛ መጠን፦ የደም ወገን መሆኑን ያሳያል፤
• የሲዲ 14 አለመኖር፦ ሞኖሳይት ከተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይለየዋል።

በጤናማ አዋቂ ደም ውስጥ ሲዲ 34 ያለባቸው ሕዋሳት ከ1,000 ነጭ የደም ሕዋሳት በአብዛኛው ከ1 አይበልጡም። ስለዚህ አስተማማኝ ውጤት ለማግኘት እጅግ ብዙ ሕዋሳት መቆጠር አለባቸው።

የምርመራው ወሰን
ለመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚደረገው የሲዲ 34 ቆጠራ በሕክምና የጸደቀ አገልግሎት ነው። የደም ሥር እድገትን የሚያግዙትን ሕዋሳት መቁጠር ግን እስካሁን የምርምር መሣሪያ ነው። ቤተ ሙከራዎች የተለያዩ ምልክቶችን ስለሚጠቀሙ ውጤታቸውን ማነጻጸር ያስቸግራል፤ ሁሉም የተስማሙበት ጤናማ መጠንም የለም። በመሆኑም በዚህ ቆጠራ ብቻ የደም ሥር በሽታ መኖሩን ማረጋገጥም ሆነ ሕክምና ማዘዝ አይቻልም።

ለተገልጋዮች
በእግር ጉዞ ወቅት የሚጀምርና በእረፍት የሚተው የባት ሕመም፣ የእግር መቀዝቀዝ ወይም የማይድን የእግር ቁስል ያለበት ሰው፣ በተለይም የስኳር ሕመምተኛ ወይም አጫሽ ከሆነ፣ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም በፍጥነት መሄድ ይኖርበታል። የእግር የደም ዝውውር ችግር የሚለየው የእግር ትርታን በመዳሰስ፣ የቁርጭምጭሚትንና የክንድን የደም ግፊት በማነጻጸር እንዲሁም በዶፕለር አልትራሳውንድ ነው።

ማሳሰቢያ፦ የሕዋስ ቆጠራ ወይም የግንድ ሕዋስ ሕክምና እንዲያደርጉ የተጠየቁ ተገልጋዮች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት አገልግሎቱ ሕክምና ይሁን ምርምር በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው መጠየቅ ይገባቸዋል። ምርምር ከሆነ ተሳትፎው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት፤ አለመሳተፍም መደበኛ ሕክምናን አያስቀርም።