የማሽተት ስሜት መድከምና የፓርኪንሰን በሽታ

የፓርኪንሰን በሽታ በእጅ መንቀጥቀጥና በእንቅስቃሴ መዘግየት ይታወቅ እንጂ የሚጀምረው ከዚያ ዓመታት ቀድሞ ነው፤ ከቀዳሚ ምልክቶቹም አንዱ የማሽተት ስሜት መድከም ነው። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ሃይኮ ብራክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የሟቾችን አንጎል መርምረው፣ አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን እንቅስቃሴን ወደሚያግዘው ክፍል ከመድረሱ በፊት ሽታን በሚቀበለው የአንጎል ክፍልና በታችኛው የአንጎል ግንድ እንደሚጠራቀም አመለከቱ። መንቀጥቀጡ ሲታይ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት በብዛት ሞተዋልና፣ ከአፍንጫ የሚገኘው ቀደምት ፍንጭ ችላ ሊባል አይገባም።

እርግጥ እርጅና፣ ጉንፋንና ኮቪድም ማሽተትን ያደክማሉ፤ የብራክ ቅደም ተከተልም በሁሉም ሕሙማን ላይ አይታይም። ይህ ተቃውሞ የሚያፈርሰው ግን ሽታ ማጣትን ብቻውን ማስረጃ ማድረግን ነው። ሌሎች ቀዳሚ ምልክቶች ከሆኑት በእንቅልፍ ልብ ከመወራጨትና ከሆድ ድርቀት ጋር ሲደመር የሽታ ማጣት ክብደት ይጨምራል። ያለ ግልጽ ምክንያት ሽታ የጠፋበት ሰው ሐኪም ያማክር።