የፔትስቫል ሌንስ፦ ከጉድለት የተወለደ ስልት

የሒሳብ ሊቁ ዮሴፍ ፔትስቫል በ1840 (እ.ኤ.አ.) ቪየና ላይ ይህን ዓይነት ሌንስ ሲቀምር የፈለገው ፍጥነት ነበር። ከዚያ በፊት ፎቶ የሚነሣ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ ይህ ሌንስ ግን ብዙ ብርሃን ስለሚያስገባ ጊዜውን በእጅጉ አሳጠረው። በምትኩ መሃሉ ጥርት ሲል ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1863 እንግሊዝ ውስጥ በ48 ዓመቷ በስጦታ ያገኘችው ካሜራ የተገጠመለት ይኸው ዓይነት ሌንስ ነበር። ድብዘዛውን አልሸሸችውም፤ ፊትን ከዙሪያው የምትለይበት ስልት አደረገችው። የዘመኗ የፎቶ ባለሙያዎች ግን የችሎታ ማነስ ነው ብለው ነቀፏት።

ፈጠራው የሴትየዋ እንጂ የመስታወቱ አይደለም የሚል ይኖራል። በከፊል ልክ ነው፤ በዚሁ ሌንስ ብዙ ስቱዲዮዎች ደንበኞቻቸውን እንደ ምሰሶ ገትረው አንሥተውበታል። እሷም በ1866 ትልቅ ካሜራና ሌላ ዓይነት ሌንስ ይዛ እንኳ ልስላሴውን አልተወችም። ይህ ግን የመጀመሪያውን ሌንስ ድርሻ አይፍቅም። የመጀመሪያዎቹ ድብዝዝ ሥራዎቿ በአጋጣሚ የተገኙ መሆናቸውን ራሷ ጽፋለች፤ አጋጣሚውን ያመጣው መሣሪያው ነው፣ እንዳይባክን ያደረገችው እሷ ናት። ሌንሱ ሲቀየር ዓይኗ አስቀድሞ ለምዶ ነበር (ነቃፊዎቿ ይህን ሳያዩ ቀሩ)። የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን በዋይት ደሴት ያነሣችው ከዚህ በኋላ፣ ልዑሉ ከመቅደላ በተወሰደበት በ1868 ነው። ያኔ ዕድሜው 7 ዓመት ነበር።