ደብዳቤው የሚያድርበት ጎተራ

ባለፈው ክረምት እናቴ ደወለችልኝ። «ያ ኮምፒውተር እኮ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ለእኔም ለወንድምህም የሚሆን፣ ብር የማያስከፍል፣ የማያስቸግር የኢሜይል ፕሮግራም ጫንልን» አለችኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል ብዬ ነው የምነሳው። ቅዳሜ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። አሥር ደቂቃው ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። ምክንያቱ ደግሞ አዲሱ ፕሮግራም ሳይሆን አልጋ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ያገኘሁት የአባቴ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው።

ጎተራ ስሙን ያገኘው ከእህል መጋዘኖቹ ነው። ዛሬ ስሙን ስንሰማ ቶሎ የሚታየን ማሳለጫው መንገድና ታክሲው ነው እንጂ እህል አይደለም። ቃሉ ግን የድሮ ጥያቄውን እንደያዘ አለ፦ የሰበሰብከው የት ያድራል? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? የኢሜይልን ታሪክ በዚህ ጥያቄ ካየነው፣ ነፃ ፕሮግራም መምረጥ የሚመስለው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኢሜይል በፊት ፖስታ ነበር። የኢትዮጵያ ፖስታ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 ተመሠረተ፤ በ1908 ደግሞ አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በእኛ ከተማ ግን ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ያድራል፣ ባለ ቁልፉ ሄዶ ያመጣዋል። ብዙ ቤተሰብ የራሱ ሣጥን ስለሌለው የመሥሪያ ቤት ቁጥር ይዋሳል። እኛም የምንጠቀመው በአባቴ መሥሪያ ቤት ቁጥር ነበር። ከአክስቴ ከዋሽንግተን የሚመጣው ደብዳቤ በስንት እጅ አልፎ እንደሚደርስ አስቡት። ያው፣ አድራሻን ከሰው ጋር መጋራት በኮምፒውተር አልተጀመረም።

ከጎተራ በላንቻ አድርጋችሁ መስቀል አደባባይን ስታልፉ፣ ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ አለ። ብዙዎቻችን የምናውቀው በአፍሪካ አዳራሽ ነው። ለኢሜይል ታሪካችንም ትልቅ ቦታ አለው። ኮሚሽኑ ውስጥ በ1980 የተቋቋመው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ማዕከል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት አዲስ አበባ ሳይገባ በፊት ኢሜይል ያመላልስ ነበር። የተጠቀመበት ዘዴ ፊዶኔት ይባላል። ኮምፒውተሮቹ ቀኑን ሙሉ አይገናኙም፤ በስልክ እየተደዋወሉ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ይለዋወጡና ይዘጋሉ። የፓዲስ ኮምፒውተር ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር ይገናኛል፤ የከተማው ተጠቃሚ ደግሞ በሞደሙ ወደ ፓዲስ ይደውላል። ደብዳቤው ወዲያው አይደርስም፤ አድሮ ይሄዳል፣ አድሮ ይመጣል።

በ1995 ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ የሚወተውት፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ «ባይት» የተባለ የባለሙያዎች ቡድን ተቋቋመ። በ1997 ቴሌ አገልግሎቱን ጀመረ። ይህም ቢሆን በዲያል አፕ ነበር። ለማታውቁት ላስረዳ፦ ኮምፒውተሩ በቤት ስልክ ይደውላል፣ ሞደሙ ይጮኻል፣ እስክትጨርሱ ድረስ ስልኩ ተይዟል፣ ሒሳቡም ይቆጥራል። ስለዚህ ጎበዝ ተጠቃሚ ማለት ተገናኝቶ፣ ደብዳቤውን አውርዶ፣ ወዲያው ዘግቶ፣ ተረጋግቶ የሚያነብ ነው። መልሱንም ሳይገናኝ ይጽፍና በሚቀጥለው ጥሪ ይልከዋል።

የኢሜይል ፕሮግራም የተፈለገው ለዚህ ነው። ስቲቭ ዶርነር የተባለ ባለሙያ በ1988 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዩዶራን ሠራ። ስሙን የወሰደው ከደራሲዋ ዩዶራ ዌልቲ ነው፤ ከቤተሰቧ ተኳርፋ ፖስታ ቤት ስለገባች ሴት አጭር ልብ ወለድ ጽፋለች። በ1990 ዴቪድ ሃሪስ ከኒውዚላንድ ፔጋሰስ ሜይልን በነፃ ለቀቀ። በ1997 ደግሞ አውትሉክ ኤክስፕረስ ከማይክሮሶፍት መጣ፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚገኝ ማንም ሳይመርጠው የብዙ ሰው ምርጫ ሆነ። እነዚህ ፕሮግራሞች በብዛት የሚሠሩት ፖፕ በሚባለው ሥርዓት ነበር። ፖፕ በተለመደው አሠራሩ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ ያወርድና እዚያ ያለውን ያጠፋዋል። ጎተራው ቤታችሁ ያለው ሃርድ ዲስክ ይሆናል ማለት ነው።

ሌላኛው መንገድ ሆትሜይል ነው፤ በ1996 ተጀመረ፣ ያሁ ሜይል በ1997 ተከተለ። ደብዳቤው እነሱ ጋ ያድራል፤ እናንተ ከየትኛውም ኮምፒውተር ገብታችሁ ታነባላችሁ። የራሱ ኮምፒውተር ለሌለውና ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ ለሚከፍል ሰው ይህ ትልቅ ነፃነት ነበር፤ የቤተሰብን ዓይንም ያስመልጣል። ቦታው ግን ጠባብ ነው፤ ሆትሜይል ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው 2 ሜጋባይት ነበር። ጂሜይል በ2004 አንድ ጊጋባይት ይዞ ሲመጣ ሰው የኤፕሪል አንድ ቀልድ መስሎት ነበር፤ የወጣበት ቀንም ያው ኤፕሪል 1 ነው።

የእኛ ቤት ሁለቱንም መንገድ አይቷል። አባቴ ከሥራ ቦታው ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ሲያመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እሱ አውትሉክ ኤክስፕረስ ይጠቀም ነበር፤ ታላቅ እህቴ ደግሞ ነፃ የድረ ገጽ አድራሻ ከፈተች። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ክፍል መክፈት ይችል ነበር፤ እኛ ግን አላወቅንም። ኮምፒውተሩ ሳሎን ነው፣ ፓስወርድ የለውም፣ የሚከፍተው ሁሉ የአባቴን ደብዳቤ ያገኛል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ጌም ልከፍት ስል አየሁት። አባቴ ለአክስቴ የጻፈው ነበር፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 ያካተተው ቢሆንም የእኛ ኮምፒውተር ፎንቱ አልነበረውም። አሁንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ ብል እዋሻለሁ፤ ፍሬ ነገሩ ግን ኩላሊቱ መታመሙን ሐኪም እንደነገረው፣ ለእናቴም ገና እንዳልነገራት ነበር። ዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ እኛን አስቀምጦ የነገረን ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እኔም እንደ አዲስ ሰማሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈ።

እህቴ ከእሱ ጋር ዩኒቨርሲቲ ሆና የተጻጻፈችው ሁሉ የነበረው በዚያ በድረ ገጽ አድራሻዋ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳትገባበት ቀረች፤ ስትመለስ አድራሻው ተዘግቶ ነበር። አንድም ደብዳቤ አልተረፈም። አልጋ ሥር ያለው ሃርድ ዲስክ ግን ተነሳ። አውትሉክ ኤክስፕረስ እያንዳንዱን ፎልደር እንደ አንድ ፋይል ስለሚያስቀምጥ ፋይሎቹን አገኘኋቸው፤ ማንኛውም ፕሮግራም ወደሚያነበው ቅርጽ ለመቀየር ነው ሦስት ሳምንት የፈጀሁት። እህቴ ለአባቴ የላከችለትም ሁሉ አለ። የሳሎኑ ኮምፒውተር ምስጢር አልጠበቀልንም፤ ደብዳቤውን ግን ጠበቀልን።

ታዲያ ለእናቴ ምን ጫንኩላት? ተንደርበርድን። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በ2004 የወጣ፣ ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ከፕሮግራሙ ይልቅ ግን አቀማመጡ ላይ ነው የተጨነቅኩት። ተንደርበርድ ውስጥ የተለያየ ፕሮፋይል መክፈት ይቻላል፤ ነገር ግን ፕሮፋይል መለያ እንጂ ቁልፍ አይደለም፣ ያው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሰው ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በዊንዶውሱ ራሱ ለእናቴና ለወንድሜ የየራሳቸውን መግቢያ ከነፓስወርዱ ከፈትኩ። ከዚያ አድራሻዎቹን በአይማፕ አገናኘሁ፤ አይማፕ ከፖፕ የሚለየው ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ስለሚተወው ነው፣ በስልክም በኮምፒውተርም አንድ ዓይነት ይታያል። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ከሰርቨሩ የጠፋ ከኮምፒውተሩም ይጠፋል። ስለዚህ እንዲጠፋ የማይፈለገውን ወደ ቤቱ ፎልደር መገልበጥን ለእናቴ አሳየኋት፤ ይህንንም በፍላሽ መያዝ ነው።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፦ የአባቴን ደብዳቤዎች በማን መግቢያ ላስገባ? ሁላችንም ልጆቹ ነን። ያቺ ደብዳቤ ግን እዚያ ውስጥ አለች፤ እናቴ ከእሷ በፊት ለአክስቴ እንደተነገረ ታያለች። እሷን ብቻ ነጥዬ ላጠፋት እጄን አንስቼ ነበር። ተውኩት። የእሱ ጎተራ ነው፣ ቁልፉም የሚገባው ለእሷ ነው ብዬ በእናቴ መግቢያ አስገባሁና፣ ከማየቷ በፊት ነገርኳት። ልጅ ሆኜ እንዳነበብኩትም ጭምር።

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። «እኔም ያኔውኑ አንብቤዋለሁ» አለች። «እሱ እስኪነግረኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንተ ማንበብህን ግን አላወቅኩም።»

ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ ሁለታችንም አውቀን ዝም ብለን ኖረናል።

ከዚያ አዲሱን ፓስወርዷን ራሷ ጻፈች። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።