ዜና ማኖን

በ1876 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሠ ነገሥት፣ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ጥር 11 ቀን የአገራችን ሰው ታቦቱን አጅቦ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ፣ በዚያችው ዕለት በፓሪስ ከተማ፣ ኦፔራ ኮሚክ በሚባለው ቲያትር ቤት፣ ማስኔ የተባለ የዜማ ሊቅ «ማኖን» የሚለውን ኦፔራ ለሕዝብ አሰማ።

ታሪኩ ግን የእርሱ ፈጠራ አልነበረም። አቤ ፕሬቮ የሚሉት ከገዳም የኮበለለ መነኩሴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1731 በመጽሐፍ አውጥቶት ነበር፤ የፓሪስ ሹማምንትም መጽሐፉን ወርሰውት ነበር።

ነገሩም እንዲህ ነው። ደ ግሪዩ የሚባል የመኳንንት ልጅ ወደ ገዳም ስትላክ ያገኛትን ማኖንን ይዞ ወደ ፓሪስ ጠፋ። ብር አለቀ፤ ባለጸጋም መጣ። ማኖን ልትከዳው በቆረጠች ጊዜ አብረው ይበሉባት የነበረችውን ትንሽ ጠረጴዛ ተሰናበተች፤ በአንድ ብርጭቆ ለሁለት ይጠጡ ነበርና። ከአምስቱ ገቢር ሁሉ ለእኔ የምትበልጠው ይህች ስንብት ናት፤ ጩኸት የለባትም። ልጁም ካህን ሊሆን ሴን ሱልፒስ ገባ፤ እርሷ ግን እዚያው ድረስ ሄዳ አስኮበለለችው። በኋላም ተይዛ ወደ አሜሪካ ስትጋዝ፣ ወደ ልሃቭር ወደብ በሚወስደው መንገድ በክንዱ ላይ ሞተች። በመጽሐፉ የምትሞተው ባሕር ተሻግራ በሉዊዚያና ነው፤ የኦፔራው ግጥም ደራሲዎች ሜያክና ዢል መንገዱን አሳጠሩት። ደግ አደረጉ።

በእኛም አገር በ1958 ዓ.ም. የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። የመጽሐፉ ባለታሪክ በዛብህም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ወላጆቹ በስለት የሰጡት። የእርሱና የሰብለ ወንጌል ፍቅርም መንገድ ላይ ተቀጨ፤ በእጇ ላይ የሞተው ግን ወንዱ ነው። መጽሐፉንም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ማስኔ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዘፋኝ ሲያቆም፣ ወጋየሁ ብቻውን የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሳንም ሰብለንም ሆነ።

ያም ድምፅ አልጠፋም። በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም፣ ቡና ሲቆላ ከስልክ ውስጥ ይወጣል፤ ግድግዳው ስስ ነውና ፊታውራሪ ሲቆጡ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ከዕለታት አንድ ቀንም የዚህ ዜና ጸሐፊ ለአንዲት የጎጃም ተወላጅ እናት የማኖንን ነገር ተረከላቸው። እርሳቸውም ሲኒ እያለቀለቁ፣

«አባቷስ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«የከለከሉትስ የልጁ አባት ናቸው፣ እትዬ። አስይዘው ቤት መለሱት።»

«ወንዱን? እንዴ! እኛ ጋ የተቆለፈባት ልጅቱ ናት» አሉ፤ ስልኩንም መልሰው ከፈቱት።