ሦስት ጊዜ ማስነጠስ፦ የአየርላንድ ተረት በአንድ የተናቀ ፊልም ውስጥ

የሕዝብን ተረት የሚመረምሩ ሊቃውንት ከሽማግሌ አፍ የተቀዳውን ቃል ያከብራሉ፤ ለገበያ የተሠራውን ሲኒማ ግን ይንቃሉ። ንቀቱ ብዙ ጊዜ ምክንያት አያጣም። ነገር ግን ሳይመረምሩ መናቅ ማስረጃን መጣል ስለ ሆነ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ የተናቀ ፊልም ከቀደመው ተረት ጋር እናስተያያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሌፕረኮን በአየርላንድ ተረት ቁመቱ እጅግ ያጠረ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ጫማ የሚሰፋና ወርቅ የሚሸሽግ ፍጡር ነው። መልኩ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። በ8ኛው መቶ ዘመን ገደማ በተጻፈው በንጉሥ ፈርጉስ ታሪክ እነዚህ ድንክ ፍጡራን የባሕር ወገን ናቸው፤ ንጉሡን በተኛበት ወደ ውኃ ሊጐትቱት ሲሞክሩ ነቅቶ ሦስቱን ያዘ፤ እነርሱም ስለ ነጻነታቸው ከውኃ በታች የመዋኘትን ጥበብ ሰጡት። ዛሬ የሚታወቅበት አረንጓዴ ልብስም የኋላ ዘመን ነው፤ ሳሙኤል ሎቨር በ1831 የገለጸው ሌፕረኮን ቀይ ካፖርት የለበሰ ነበር።

በ1993 ማርክ ጆንስ ያዘጋጀው «ሌፕረኮን» የተባለው አሜሪካዊ ፊልም በጥቂት ገንዘብ ተሠርቶ ወጣ፤ ግማሹ የሚያስፈራ፣ ግማሹ የሚያስቅ ነው። ፍጡሩን ሆኖ የተጫወተው እንግሊዛዊው ዋርዊክ ዴቪስ ነው። በዚህ ፊልም የነገሩ ሁሉ መነሻ የተሰረቀ ወርቅ ነው። በ1994 ሮድማን ፍሌንደር ያዘጋጀው ሁለተኛው ክፍል ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ሌፕረኮኑ ሺህኛ ዓመቱን ሲያከብር ሚስት ይሻል፤ የመረጣት ልጃገረድ ሦስት ጊዜ አስነጥሳ ማንም ካልመረቃት የእርሱ ትሆናለች። ባሪያው ዊልያም ሙሽራይቱ የገዛ ልጁ መሆኗን ሲያይ የምርቃቱን ቃል ተናግሮ ያድናታል፤ ስለዚህም ይገደላል። ሌፕረኮኑም ከሺህ ዓመት በኋላ ከዘሩ አንዲቱን ሊያገባ ዝቶ፣ በ1994 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብሪጅት የተባለችውን ልጃገረድ ያሳድዳል።

ይህ የፊልም ሠሪ ፈጠራ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። ቶማስ ክሮፍተን ክሮከር በ1825 ስለ ደቡብ አየርላንድ ተረቶች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዊልያም በትለር ዬትስም በ1888 በድጋሚ ባወጣው ተረት፣ ቢሊ የተባለ ወጣት የአንድን ድንክ መንፈስ ወይን ጠጥቶ ዋጋውን ባለመክፈሉ አገልጋዩ ይሆናል። ጌታው ሺህ ዓመት ሊሞላው ነውና ብሪጅት ሩኒን ከሠርጓ ላይ ሊወስዳት ይሻል፤ ምልክቱም ሳይመረቅ ያለፈ ሦስት ጊዜ ማስነጠስ ነው። ቢሊ ማለት የዊልያም ቁልምጫ መሆኑን ስናስብ፣ ሺህ ዓመቱ፣ ማስነጠሱ፣ አገልጋዩና የሙሽራይቱ ስም ሁሉ በአጋጣሚ ተገናኙ ለማለት ያስቸግራል። እንግዲህ የተናቀው ተከታይ ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ለመጽሐፉ የቀረበ ነው።

ሆኖም ልዩነቱ ከተመሳሳይነቱ የበለጠ ያስተምራል። በክሮከር ተረት ሙሽራይቱ ስታስነጥስ፣ እኛ «ይማርሽ» እንደምንለው ያለውን ቃል ሊናገር የሚገባው ቄሱ ነበር፤ የእርሱ አፍ ግን በምግብ ተሞልቷል፤ እንግዶቹም ከቄሱ ቀድሞ መናገርን ፈርተው ዝም አሉ። የዳነችው ከጣራው ሥር ተሸሽጎ በነበረው አገልጋይ ቃል ነው፤ እርሱም ለደመወዙ እርግጫ ተቀብሎ ከማዕዱ መካከል ወደቀ እንጂ አልሞተም። ፊልሙ ማዕዱንና እንግዶቹን አስወግዶ በምትካቸው የአባትን ሞትና የዘርን ቂም አቆመ። ከአገሩ ርቆ በስደት ምድር ለሚታይ ተረት መንደሩ ባይኖርም የዘር ሐረግ ይቀራልና፣ ለውጡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ተመራማሪ «ይህ እውነተኛ ተረት ነውን?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ ብዙ ያመልጠዋል፤ ምን ተረፈ፣ ምንስ ጠፋ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። እዚህ ላይ የተረፈው ማስነጠሱ ነው። የጠፋው ግን እያንዳንዱ ሰው የሚገባውን ቃል ለታላቁ ሲተው ቃሉ ሳይነገር እንደሚቀር የመንደሩ ተራኪ የሰነዘረው ተግሣጽ ነው።